ከመሣሪያው ጋር የሚስማማ ስፒከር እንዴት ይመረጣል?

የመንደራችን እድር አንድ አሮጌ መሣሪያ አለው። ራዲዮው፣ የካሴት ቴፑና የሸክላ ማጫወቻው በአንድ ሣጥን ውስጥ የተሠሩ ናቸው። የሰጠን ከተማ የሚኖር የመንደራችን ልጅ ነው። ሣጥኑ ደህና ነበር። ሁለቱን ስፒከሮች ግን አይጥ በልቷቸዋል።

እኛም «ስፒከር ያው ስፒከር ነው» አልን። ከእድሩ ገንዘብ ወስደን፣ ከገበያ አራት የመኪና ስፒከሮች ገዛን። በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት አድርገን ቀጠልናቸው። ማታ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ድምፁ አዳራሹን ሞላው፤ ሁሉም ተደሰተ። አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ወዲያው ድምፁ ጠፋ።

በማግስቱ መሣሪያውን ተሸክመን ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ሄድን። ጠጋኙ ሣጥኑን አዞረና ጀርባውን አሳየን። «ይህን አንብባችሁ ነበር?» አለን። የፈረስ ጫማ የመሰለ ምልክት አለ። ከአጠገቡ 8 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ሁላችንም ቁጥር ማንበብ እንችላለን። ነገር ግን አንዳችንም ዞር ብለን አላየንም።

የእድሩ ዳኛ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሬ ስንጠምድ ቁመቱንና ጉልበቱን እናያለን። ይሄንን ሳናይ ለምን ጠመድነው? ገንዘቡ እኮ ለሐዘን ቀን የተቀመጠ ነው» አሉን። መልስ አልነበረንም። ሌላው ከእኛ ስሕተት እንዲማር ብለን የተማርነውን እዚህ እንጽፋለን።

1. ስፒከር እንዴት ይሠራል?

ስፒከር የኤሌክትሪክን ኃይል ወደ ድምፅ ይለውጣል። በውስጡ ማግኔት አለ። በማግኔቱ መካከል የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ። ሽቦው ከወረቀት ወይም ከሌላ ቀላል ነገር ከተሠራ ሾጣጣ ጋር ተያይዟል። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ሽቦው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀጠቀጣል። ወረቀቱም አብሮት ይንቀጠቀጣል። ይህ መንቀጥቀጥ አየሩን ይገፋል። ጆሯችን የሚሰማው ይህንን ነው። እንዲህ ያለውን ስፒከር ራይስና ኬሎግ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 አሻሽለው አቀረቡት። ዛሬም የአብዛኛው ስፒከር አሠራር ይኸው ነው።

2. ኦም ምንድን ነው?

ያ የፈረስ ጫማ የመሰለ ምልክት ኦም ይባላል። ኦም ሽቦው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚነግረን መለኪያ ነው።

የመስኖ ቦይን እናስብ። ጠባብ ቦይ ጥቂት ውኃ ያሳልፋል። ሰፊ ቦይ ብዙ ውኃ ያሳልፋል። የኦሙ ቁጥር ትልቅ ሲሆን ቦዩ ጠባብ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ቦዩ ሰፊ ነው። ቦዩን ከመጠን በላይ ብናሰፋው ከላይ ያለው ግድብ ይናዳል። መሣሪያውም እንደዚሁ ነው። 8 ኦም ለሚፈልግ መሣሪያ 2 ኦም ብንሰጠው ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ ይሳብበታል። ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል።

የእኛ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር። አብዛኞቹ የመኪና ስፒከሮች 4 ኦም ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስንቀጥላቸው ሁለት ቦይ በአንድ ጊዜ እንደ መክፈት ሆነ። 4 የነበረው ወደ 2 ወረደ።

አቀጣጠሉ በሁለት መንገድ ነው። ሁለት 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲቀጠሉ 4 ኦም ይሆናሉ። አንዱ ከሌላው ኋላ፣ ሰንሰለት ሆነው ሲቀጠሉ ግን 16 ኦም ይሆናሉ።

ታዲያ ቁጥሩ ከተጻፈው ቢበልጥስ? ትራንዚስተር ያለው መሣሪያ አይጎዳም። ድምፁ ብቻ ትንሽ ይቀንሳል። በውስጡ የብርጭቆ ቱቦ የሚበራበት በጣም አሮጌ መሣሪያ ግን የተጻፈው ቁጥር ራሱ ይገጠምለት። ያለ ስፒከርም አይከፈት።

3. ዋት ምንድን ነው?

ዋት የጉልበት መለኪያ ነው። በመሣሪያው ላይ ሲጻፍ መሣሪያው ሊሰጥ የሚችለውን ጉልበት ይናገራል። በስፒከሩ ላይ ሲጻፍ ስፒከሩ ሊሸከም የሚችለውን ጉልበት ይናገራል።

መሣሪያው በየጎኑ 10 ዋት የሚሰጥ ከሆነ 20 ወይም 30 ዋት የሚሸከም ስፒከር ይስማማዋል። 5 ዋት ብቻ የሚሸከም ስፒከር ግን ድምፁ ከፍ ሲል ይቃጠላል።

ብዙ ሰው «100 ዋት የተጻፈበት ስፒከር ይጮኻል» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ትልቅ ጆንያ ስለያዝን እህሉ አይበዛም። ጆንያው የሚይዘው የገባለትን ያህል ነው።

4. በትንሽ ጉልበት የሚጮኸው የትኛው ነው?

አሮጌ መሣሪያ ጉልበቱ አነስተኛ ነው። ስለዚህ በትንሽ ጉልበት ጥሩ ድምፅ የሚሰጥ ስፒከር ያስፈልገዋል። ይህ የሚለካው በዲሲቤል ነው። በአንዳንድ ስፒከሮች ጀርባ ላይ 86 ወይም 92 ዲሲቤል ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት የሚሰማውን ድምፅ ያመለክታል።

ልዩነቱ 6 ብቻ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የ86ቱ ስፒከር የ92ቱን ያህል እንዲጮኽ አራት እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል። 92ቱ በ10 ዋት የሚሠራውን፣ 86ቱ በ40 ዋት ይሠራዋል ማለት ነው። እንግዲህ 10 ዋት ላለው አሮጌ መሣሪያ የትኛው እንደሚሻል ግልጽ ነው።

5. ያገለገለ ስፒከር ስንገዛ ምን እንመልከት?

አንደኛ፦ ጀርባውን እናንብብ። ኦሙንና ዋቱን ሳናነብ ገንዘብ አናውጣ።

ሁለተኛ፦ የወረቀቱን ዙሪያ በጣታችን በቀስታ እንንካ። ዙሪያው ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ በዕድሜ ብዛት ይፈረፈራል። ከላስቲክ ወይም ከጨርቅ የተሠራው ይበልጥ ይቆያል።

ሦስተኛ፦ ወረቀቱን በሁለት እጃችን አስተካክለን በቀስታ እንግፋው። የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ በውስጡ ያለው ሽቦ ተጣሟል ወይም ተቃጥሏል። ይህን አንግዛ።

አራተኛ፦ አንድ የባትሪ ድንጋይ ይዘን እንሂድ። 1.5 ቮልት ያለው ተራ ድንጋይ ይበቃል። ሁለት ሽቦ ይዘን ለአፍታ ብቻ እናስነካው። ጤነኛ ስፒከር «ጠቅ» ይላል። ዝም ካለ ሽቦው ተበጥሷል።

አምስተኛ፦ ጠጋኝ በቴስተር ቢለካው የ8 ኦም ስፒከር 6 ኦም ገደማ ያሳያል። ይህ ጉድለት አይደለም። እንዲያው ነው የሚለካው።

ስድስተኛ፦ በሣጥን ውስጥ ያለውን እንምረጥ። ሣጥን የሌለው ስፒከር ከፊትና ከኋላ የሚወጣው ድምፅ እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል።

ሰባተኛ፦ ሁለቱ ስፒከሮች አንድ ዓይነት ይሁኑ። በሬና ወይፈን አብረው ሲጠመዱ እርሻው አይቀናም።

6. አቀጣጠል

መሣሪያውን ከማብራት በፊት ስፒከሩን እንቀጥል። ሲቀጠል መሣሪያው ይጥፋ፤ ሶኬቱም ይነቀል። ቀዩ ሽቦ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር ይግጠም። በአንዱ ስፒከር ላይ ከተገለበጠ ሁለቱ እርስ በርስ ይቃረናሉ፤ ወፍራሙ ድምፅ ይደክማል። የተላጡት ሽቦዎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ እንጠንቀቅ። ከተነካኩ መሣሪያው በአፍታ ሊቃጠል ይችላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከአሜሪካ የመጣ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በ120 ቮልት ገደማ ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። ስለዚህ ሶኬት ላይ ከመሰካታችን በፊት በጀርባው የተጻፈውን ቮልት እናንብብ።

ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር እንቀንስ። መሣሪያው «ደከመኝ» ማለቱ ነው። በዚያ ላይ ብንጨምርበት ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር ቀድሞ ይቃጠላል።

7. መጨረሻችን

ጠጋኙ የተቃጠለውን ክፍል ለወጠልን። የጥገናውን ዋጋ ከእድሩ ሣጥን አልነካንም፤ ስሕተቱን የሠራነው ሰዎች ከየኪሳችን አዋጣን። የመኪና ስፒከሮቹን ሸጥናቸው። በዚያው ገንዘብ ሁለት ያገለገሉ፣ 8 ኦም፣ 20 ዋት የሆኑ ባለ ሣጥን ስፒከሮች ገዛን። መጠናቸው ከፊተኞቹ አይበልጥም። በአዳራሹ ዳር የተቀመጡት አረጋውያን ግን የአየር ጠባዩን ወሬ አጥርተው ይሰማሉ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ማንበብን ተምረን ሳናነብ ብንቀር ካልተማረው በምን እንለያለን? ፊደል የተማርነው መጽሐፍ ለማንበብ ብቻ አይደለም። የመድኃኒቱን ጠርሙስ፣ የማዳበሪያውን ጆንያ፣ የመሣሪያውን ጀርባ ጭምር ለማንበብ ነው።

ጥያቄዎች

1. የእድሩ መሣሪያ ለምን ተቃጠለ?
2. ሁለት 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲቀጠሉ ስንት ኦም ይሆናሉ?
3. 10 ዋት ለሚሰጥ መሣሪያ 5 ዋት የሚሸከም ስፒከር ይስማማዋልን? ለምን?
4. በባትሪ ድንጋይ ስፒከርን እንዴት እንመረምራለን?
5. በቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች በጀርባቸው ቁጥር የተጻፈባቸውን ፈልጋችሁ አንብቡ። ምን እንደሚሉ ለጎረቤቶቻችሁ አስረዱ።