የልብ ምት መሪና ጎረቤቶቹ

ልጆች ሆይ፥ እጃችሁን በደረታችሁ ላይ አኑሩና ጥቂት ዝም በሉ። ከውስጥ የሚመታ ነገር ይሰማችኋል፤ ይህም ልብ ነው። ዐርፎ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ልቡ በአንድ ደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። የሕፃን ልብ ግን ከዚህ ይፈጥናል። በደቂቃ 70 ጊዜ የሚመታ ልብ በአንድ ቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ ይመታል። ሰው ቢተኛም ልብ ሥራውን አይተውም። እንግዲህ ምታ ብሎ የሚያዘው ማን ነው?

ይህን ነገር ሊቃውንት ብዙ ዘመን መረመሩት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ሱናኦ ታዋራ የተባለ የጃፓን ሐኪም በጀርመን አገር ሳለ፥ የምቱ መልእክት በልብ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ገለጸ። በ1907 ደግሞ አርተር ኪዝና ማርቲን ፍላክ የተባሉ የብሪታንያ ሰዎች የመሪውን ስፍራ አስታወቁ። ፍላክ በዚያን ጊዜ ገና የሕክምና ተማሪ ነበረ። ፍልፈል የምትመስል የአንዲት ትንሽ እንስሳ ልብ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ነው ያገኘው። ትንሹን ነገር በትዕግሥት የሚመለከት ትልቁን ነገር ያገኛል።

መሪው በልብ ቀኝ በኩል፥ በላይኛው ክፍል ይገኛል፤ ደም ከላይ የሚያወርደው ታላቅ የደም ሥር ከሚገባበት ቦታ አጠገብ ነው። ርዝመቱ ከጣት አንድ አንጓ አይበልጥም። የተሠራውም ሕዋስ ከሚባሉ፥ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች ነው። ከሌሎቹ የልብ ሕዋሳት አብዛኞቹ ቀስቃሽ ካልነካቸው ዝም ይላሉ፤ የመሪው ሕዋሳት ግን ዝም ማለትን አያውቁም። በሽፋናቸው ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች የጨው ቅንጣቶች ጥቂት በጥቂት ይገባሉ፤ ቅንጣቶቹም የኤሌክትሪክ ኃይል ይዘው ይገባሉ። ጠብታ ተጠራቅሞ እንስራ እንዲሞላ፥ ይህ ኃይል ልኩ ሲደርስ በድንገት ይነሣል። ከዚያም ይወርዳል፤ እንደ ገናም መሙላት ይጀምራል።

ነገር ግን መሪዎቹ ጥቂቶች፥ ጎረቤቶቻቸው ግን እጅግ ብዙዎች ናቸው። ዝም ያሉት ጎረቤቶች የመሪውን ትንሽ ኃይል ወደ ራሳቸው ይስባሉ። መሪው ከሁሉ ጋር በሁሉ በኩል ቢጋጠም ኖሮ፥ ኃይሉ ሳይሞላ በፈሰሰ፥ ምትም ባልተነሣ ነበር። ፈጽሞም ቢለይ መልእክቱ ከእርሱ ጋር በቀረ ነበር።

እናት ማታ ፍሙን በዐመድ ታዳፍናለች። ፍሙ እንዲሁ በርጥብ ግንድ ላይ ቢጣል ይጠፋል፤ በዐመድ ውስጥ ግን ሳይጠፋ ያድራል። ሲነጋም ጭራሮ ታስነካዋለች፤ ከጭራሮው እሳቱ ወደ እንጨቱ ይሄዳል። የልብም መሪ እንዲሁ ነው። ዙሪያውን ኃይል በማያሳልፍ ሥጋ በብዙ በኩል ተሸፍኗል፤ በጥቂት ጠባብ መንገዶች ብቻ ከጎረቤቶቹ ጋር ይገናኛል። የመሪው ሕዋሳትም ራሳቸው አንዱ ፈጣን፥ አንዱ ዝግተኛ ናቸው። ነገር ግን ፈጣኑ ዝግተኛውን ያነሣሣዋል፥ ዝግተኛውም ፈጣኑን ይገታዋል፤ በመጨረሻም ሁሉ በአንድ ምት ይስማማሉ።

በአዲስ አበባ ደቡብ ያለው ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ፥ በአየር ከሚሄድ መልእክት ነው ይባላል። የልብ መልእክት ግን በአየር አይሄድም። አንዱ ሕዋስ ጎረቤቱን ይነካል፥ ጎረቤቱም ሌላውን ይነካል። ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚያሳልፈው በር አንድ ብቻ ነው። መልእክቱ በዚህ በር የአንድ ሴኮንድ ዐሥረኛ ያህል ይቆያል። ይህም የላይኛው ክፍል ደሙን ወደ ታች አውርዶ እስኪጨርስ ድረስ ነው። ከላፍቶ ወይም ከጀሞ ዳገት ሮጦ የወጣ ተማሪ ልቡ ሲፈጥን ይሰማዋል፤ ነርቮች መሪውን አፍጥን ስለሚሉት ነው። ሲያርፍም ዝግ በል ይሉታል።

መሪው ቢደክም ወይም በሩ ቢዘጋ ከበታች ያሉት ሕዋሳት ይተኩታል፤ ምታቸው ግን ዝግተኛ ነው። ደም ወደ ራስ በሚገባ ስለማይደርስ ሰውዬው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ይችላል። በ1958 በስዊድን ከተማ በስቶክሆልም፥ ልብን የሚያስመታ ትንሽ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ገላ ውስጥ ተቀበረ። ይህ አርነ ላርሶን የተባለ ሰው መሣሪያው እየተለወጠለት እስከ 2001 ኖረ።

በኢትዮጵያ የብዙ ልጆችን ልብ የሚጎዳ አንድ በሽታ አለ። የሚጀምረውም በጉሮሮ ሕመም ነው። ሕመሙ ሳይታከም ሲቀር በአንዳንድ ልጆች ላይ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ይከተላል፤ የልብንም በሮች ያበላሻል፥ መልእክቱንም ሊያዘገይ ይችላል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፥ ዶክተር በላይ አበጋዝ ከብዙ ረዳቶች ጋር የደከሙበት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል እንዲህ ያሉትን ልጆች ያክማል። ነገር ግን አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል። ጉሮሮው የታመመ ልጅ ሕመሙን አይሸሽግ፤ ለእናት ለአባቱ ይንገር፥ ወደ ሐኪምም ይሂድ። የታዘዘለትንም መድኃኒት ተሻለኝ ብሎ ሳይጨርስ አይተው።

ልጆች ሆይ፥ መሪ ያለ ጎረቤት ብቻውን ደም አይረጭም፤ ጎረቤትም ያለ መሪ ዝም ይላል። ሁሉም በየስፍራው ሲሠራ ግን ሰው በሕይወት ይኖራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ጥያቄ
1. የልብ ምት መሪ በየትኛው ክፍል ይገኛል?
2. መሪው በሁሉ በኩል ከጎረቤቶቹ ጋር ቢጋጠም ምን ይሆን ነበር?
3. መልእክቱ በበሩ ጥቂት የሚቆየው ስለ ምንድር ነው?
4. ጉሮሮው የታመመ ልጅ ምን ያድርግ?