ሳሙና አረፋ ስለማይሰጥበት ውሀ

በድሬዳዋ አካባቢ እንደሚገኘው፣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመነጭ ውሀ ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ማዕድናት አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። በእንዲህ ያለ ውሀ ስናጥብ ሳሙናው አስቀድሞ ከማዕድናቱ ጋር ተጣምሮ በሳፋው ዙሪያ የምናየውን ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ ለእድፉ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህም ሳሙናው ያልቃል፤ ልብሱ ግን ሳይጠራ ይቀራል።

ዱቄት ሳሙና ይህን ችግር በአብዛኛው የሚያቃልለው በውስጡ በተጨመሩት ረዳት ቅመሞች ነው። ሶዲየም ካርቦኔት ካልሲየሙን ለይቶ ያዘቅጠዋል፤ ዜኦላይት ካልሲየሙን በውስጡ አስቀርቶ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። ፎስፌትም ማዕድናቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን ሐይቅ ሲገባ አልጌን ስለሚያበዛ፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ በቤት ልብስ ማጠቢያ ውስጥ መጠኑ ተወስኗል። ማዕድናቱ እንዲህ ሲያዙ እድፍ አስለቃቂው ክፍል ለሥራው ነፃ ይሆናል።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ለማሳየት፣ በአንድ ጠርሙስ የዝናብ ውሀ፣ በሌላው የጉድጓድ ውሀ ጨምረው፣ እኩል የተፋቀ ሳሙና አግብተው ይናጡ። አረፋው የሚያንስበት ውሀ ማዕድን የበዛበት ነው። በዚህ ውሀ እጃችንን በሳሙና ስንታጠብ አረፋ እስኪታይ እንድናሽ እናሳስባለን፤ አረፋው ሳሙናው ከማዕድኑ ተርፎ ለእድፉ መድረሱን ያመለክታልና።