ድምፅን ቀርጾ ማስተማር

ለገበያ ነቀምቴ ስንገባ በየሱቁ ራዲዮ ይሰማል። ቆም ብለን ስናዳምጥ ግን አንድ ችግር አለ፤ ተናጋሪው አይጠብቀንም። ሰው ሰላም ሲለን፣ አህያችን ስትሸሽ፣ ዞር ብለን ስንመለስ ነገሩ አልፏል። «ምን አለ?» ብንለው ራዲዮ አይመልስም። ወሬ ከሆነ ቢያመልጥም ግድ የለም። ትምህርት ከሆነ ግን ይጎዳል።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በአምስት ቋንቋዎች ነበር፤ አንዱ ኦሮምኛ ነው። ኋላ ቋንቋዎቹ 15 ደረሱ። ፊደል የለየው ሰው መልሶ እንዳይረሳ ማንበቢያ ቤቶች ተከፈቱ፤ ራዲዮም ትምህርቱን ያግዝ ነበር። ያመለጠውን መልሶ ማሰማት ግን የቻለው ካሴት ነው።

ካሴትን ያወጣው ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ሲሆን ዘመኑም 1955 ዓ.ም. ነው። በውስጡ ያለው ቀጭን ክር የብረት ዝገት በሚመስል ዱቄት የተቀባ ነው። ስንናገር ድምፃችን በማይክሮፎኑ ገብቶ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ያም ዱቄቱን እንደ ማግኔት ያደርገዋል። ክሩ ተጠምጥሞ እንደገና ሲዞር ያው ድምፅ ይወጣል። ዛሬ የካሴትን ሥራ የእጅ ስልክ ይሠራዋል፤ ምስልም ይጨምራል። ለአስተማሪው ግን ነገሩ ያው ነው፤ መቅዳት፣ ማቆም፣ መልሶ ማሰማት።

ቁም ነገሩ ያለው ማቆሙ ላይ ነው። ጊምቢ አጠገብ ቡና ያላቸው ገበሬዎች ይማራሉ እንበል። ከስልኩ የሚሰማው ድምፅ «ቀይ የሆነውን ብቻ ልቀሙ፤ መሬት ላይ ሳይሆን በአልጋ ላይ አስጡ» ይላል። አስተማሪው እዚህ ላይ ያቆመዋል። አንዲት እናት «አልጋው ከምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቃሉ። ከኋላ የተቀመጡት ገበሬ «አዴ፣ እኔ ከቀርከሃ ነው የሠራሁት» ይላሉ። አልጋው ከመሬት ከፍ ስለሚል ነፋስ ከላይም ከታችም ያገኘዋል፤ ቡናው አፈር አፈር አይልም፣ ቶሎም አይሻግትም። ይህን ሁሉ ስልኩ አልተናገረም። ጠያቂና መላሽ ስለተገኘ ነው የወጣው። ከዚያ ድምፁን ደግመው ይሰሙታል፤ «ቀይ»፣ «አልጋ»፣ «አስጡ» የሚሉትንም ቃላት በየደብተራቸው ይጽፋሉ።

ማቆም በማይቻልበት ጊዜ የሚሆነውንም አይተናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ፕላዝማ መጣ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሰራጭ ነበር፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ጥቅም አልነበረውም አንልም። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይናቸው አዩበት። ሆኖም ምስሉ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት የሚለቀቅ በመሆኑ መምህሩ ሊያቆመው አይችልም። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ምስሉ አይጠብቀውም። መብራት ከጠፋማ የዚያን ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው። የወለጋ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ተምሮ ዘጠነኛ ሲገባ ፈጣን እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። «ልጄ ምን ነክቶት ሰነፈ?» ያለ ወላጅ ብዙ ነው። ልጁ ግን ሰነፍ አልነበረም። እኛ ምስሉን አንወቅስም፤ ማቆሚያው ከመምህሩ እጅ መራቁን ነው እንጂ።

ደግሞ ራዲዮ የሌላውን ድምፅ ያመጣልናል እንጂ የእኛን አይወስድም። ካሴትና ስልክ ግን የእኛንም ይይዛሉ። ድሮ ይህን የሚያደርገው ብዕር ብቻ ነበር። አስቴር ጋኖ በቃላቸው የያዙትን የኦሮሞ ተረትና ዘፈን ጽፈው፣ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር በ1894 እ.ኤ.አ. የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አወጡ። ኋላም ሁለቱ ነቀምቴ መጥተው አስተምረዋል።

ዛሬ ስለ ዘር፣ ስለ ንብ፣ ስለ ድሮው እርሻ የሚያውቁ ሽማግሌ በቀበሌያችን ካሉ ልንቀዳቸው እንችላለን። አስቀድመን ፈቃዳቸውን እንጠይቅ። ወፍጮ ከሚጮህበት ራቅ እንበል፤ ነፋስም ድምፅ ያበላሻል። ሲጀመር ስማቸውን፣ ቀበሌውንና ቀኑን ይናገሩ። ለአንድ ክፍል አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ከእርሻ ደክሞ የመጣ ሰው ከዚያ በላይ ከሆነ ያንቀላፋል። ተማሪዎቹም የሽማግሌውን ቃል እየሰሙ ይጽፉታል፤ ያመለጣቸው ካለ አስተማሪው አቁሞ መልሶ ያሰማቸዋል።