ባራራና የሳሱ ወርቅ

የጠፋ ከተማ ሲነሣ ተማሪ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ወርቁ ነው። ነገ በየትምህርት ቤቱ የምትመደቡ እጩ መምህራን ይህ ጥያቄ ስለማይቀርላችሁ፣ በዚህ እትም ጉዳዩን ከደጃችን ተነሥተን ልናየው ፈለግን።

ከኮዬ ፈጬ ሜዳ ዙሪያውን ለሚቃኝ ሰው፣ ሰማዩ ከጠራ፣ የረርና ዝቋላ ይታያሉ። ፍራ ማውሮ የተባለው የቬኒስ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የሚባል የኢትዮጵያ ንጉሥ ከተማ ሰፍሯል። ከተማው በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ዘመን ጠፋ። ተመራማሪዎች ቦታውን ሲፈልጉ አንዱ ወደ እንጦጦ፣ ሌላው ወደ የረር ይጠቁማል። ስለዚህ ከተማው ተረት አይደለም።

ወርቁስ? እዚህ ላይ የታሪክ መምህሩ ለጂኦግራፊ መምህሩ ቦታ ይልቀቅለት። የረርም ዝቋላም እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ተራሮች ናቸው። የአገራችን ወርቅ በብዛት የሚገኘው ግን ከእነዚህ እጅግ በሸመገሉ አለቶች ውስጥና እነሱን አጥበው በሚወርዱ ወንዞች አሸዋ ነው፤ ይኸውም በወለጋ፣ በቤኒሻንጉል፣ በአዶላና በትግራይ። እዚህ የሚቆፍር ሰው የጥንት ሸክላ ስብርባሪ ያገኝ ይሆናል እንጂ የወርቅ ማዕድን አይጠብቅ።

ታዲያ የነገሥታቱ ወርቅ ከየት ይመጣ ነበር? ከሩቅ አገር፣ በንግድና በግብር። በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስን ያየው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ የጻፈው ለክፍል የሚሆን ግሩም ምንባብ ነው። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ፣ በአገው ገዥ በኩል፣ ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር ሰዎች ይልካል። ነጋዴዎችም አብረው ይሄዳሉ፤ ቁጥራቸው ከ500 ይበልጣል። የሚይዙት በሬ፣ አሞሌና ብረት ነው። እዚያ ሲደርሱ በእሾህ አጥረው ይሰፍራሉ፤ በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨውና ብረቱን ጭምር፣ በእሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሬው ሰው መጥቶ የአተር ፍሬ የሚያህል ወርቅ ከፈለገው ዕቃ ላይ አስቀምጦ ገለል ይላል። ባለ ዕቃው ዋጋው ካረካው ወርቁን ያነሣል፣ ካልሆነም ይተወዋል። ያኛው ተመልሶ ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። አስተርጓሚ የለም፤ ክርክርም የለም! (የመርካቶ ሰው ቢሰማ አያምንም።) ጉዞው ከነመመለሻው 6 ወር ይፈጃል፤ በመመለሻው ክረምቱ እንዳይዛቸው፣ ወርቁንም መንገድ ላይ እንዳይቀሙ፣ ታጥቀው ይገሠግሣሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። እንዲህ የሚገበያይ ሰው ወርቁን እንጂ ወርቁ የወጣበትን ጉድጓድ አያይም፤ ካወጣው ሰው ጋርም አይነጋገርም። አፈ ታሪክ የሚበቅለው በዚህ ክፍተት ይመስለናል። ወርቁ ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቁጥር አገሩ ይርቃል፣ ሀብቱም ይበዛል። በደቡብ አሜሪካም ኤል ዶራዶ መጀመሪያ ገላውን የወርቅ ብናኝ የተቀባ አለቃ ነበር፤ ወሬው እየሰፋ ሄዶ ከተማ፣ ኋላም መንግሥት ሆነ።

ወሬው በሰው ላይ ያደረሰውን መዝለል ግን ተገቢ አይደለም። የግብጹ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ጦሩን ወደ ሱዳን አዘመተ። ጦሩ እስከ ፋዞግሊ፣ የቤኒሻንጉል ጎረቤት ድረስ ዘለቀ፤ በ1838 መጨረሻም ገዥው ራሱ ሽምግልናው ሳያግደው ወደዚያው ተጓዘ። የተመኘውን ያህል ወርቅ አላገኘም። ወርቁ ሲያንስ የሚጋዘው የአገሬው ሰው ሆነ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ቤኒሻንጉል በምኒልክ ግዛት ሥር ሲገባም ሼኾቹ ወርቅ ይገብሩ ነበር፤ ያን ወርቅ ከአሸዋ ያጠበው ሰው ግን ስሙ የትም አልተጻፈም።

ስለ ማጠቡ ሥራ ለሚጠይቅ ተማሪ በክፍል የሚሠራ ቀላል ሙከራ እነሆ። ወርቅ እኩል መጠን ካለው ውሃ 19 እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ተራ አሸዋ ግን 3 እጥፍ እንኳ አይሞላም። ወርቅ ስለሌለን የብረት ፍቅፋቂ ይበቃናል፤ እሱም 8 እጥፍ ይጠጋል። አንድ እፍኝ አሸዋ ከጥቂት ፍቅፋቂ ጋር ገበቴ ውስጥ ጨምሩ፤ ውሃ ሞልታችሁ በዝግታ እያዞራችሁ ከላይ ከላይ አፍስሱ። ከታች የቀረውን ተማሪዎቹ ይመዝኑት፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀባቸውም ይመዝግቡ።