ለሦስት ዓመት መጥተው ዕድሜ ልክ የቆዩ ሐኪሞች



በዘንድሮው የትምህርት ዓምዳችን ስለ አንድ ሕመምና ስለ አንድ ሆስፒታል እንጽፋለን። ጉዳዩ በአደባባይ ለማውራት ያሳፍር ይሆናል፤ ዝምታው ግን ይበልጥ እንደሚጎዳ እናምናለን።

እ.ኤ.አ. በ1959 ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ ገቡ። ክርስቲያናዊ እምነታቸው ያነሣሣቸው እነዚህ የማህፀን ሐኪሞች የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር፤ ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። በሥራቸው ላይ ግን በፊት አይተውት የማያውቁት ሕመም ገጠማቸው፤ ፊስቱላ።

ፊስቱላ የሚመጣው ምጥ ለቀናት ሲራዘምና ሐኪም ሳይደርስ ሲቀር ነው። የሕፃኑ ራስ በእናቲቱ አጥንት ላይ ተጭኖ ሲቆይ በመካከል ያለው ሥጋ ይሞታል፤ ቀዳዳ ይፈጠርና ሽንት ሳይቋረጥ ይፈስሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ሰውነቷ ሳይጠና የተዳረች ልጅ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠች ናት። ሕመሙ ሳያንስ ባልና ጎረቤት ያርቋታል። ይህ እርግማን አይደለም፤ ሕክምና በጊዜው ያለማግኘት ውጤት ነው።

ሃምሊኖች እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ሕክምናው በነፃ ነው። በኋላም በባሕር ዳር፣ በመቐለ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከፈቱ፤ ከ60,000 በላይ ሴቶችም ታከሙ። ከቀደሙት ታካሚዎች አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ገብተው፣ እያዩና እየረዱ ተምረው ራሳቸው ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ ባለሙያ ሆኑ። ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2020፣ በ96 ዓመታቸው፣ እዚያው አዲስ አበባ አረፉ።

ተማሪዎቻችን ይህን ልብ በሉ። ማከም ብቻ አልበቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ተምረው ወደ አገራቸው ሰው ይመለሳሉ። ጉዳቱ ሳይደርስ የምትከላከለው የተማረችው ልጅ ናት።

ነገሩ የገጠር ብቻ ነው አንበል። እዚህ ካርቱምም ዓረብኛ የማትችል፣ ወረቀት የሌላት፣ ገንዘብ ያጠራት እናት ሐኪም ቤት ለመሄድ ትፈራለች። እኛም በየዓመቱ መጀመሪያ ስም ስንጠራ «አቤት» የሚል የሚጠፋባቸው የልጃገረዶች ስሞች አሉ። «ተዳረች»፣ «ሰው ቤት ገባች» ሲባል ስሙን ሰርዘን አልፈናል። ይህ ጥፋታችን ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ መምህራን ስም ከመሰረዛቸው በፊት የወላጆችን ቤት ያንኳኳሉ፤ እባካችሁ በሩን ክፈቱልን።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ፊስቱላን የሚያመጣው ምንድን ነው? እንዴትስ መከላከል ይቻላል?
2. ሐኪሞቹ ከማከም አልፈው አዋላጆችን ማሠልጠን ለምን አስፈለጋቸው?
3. በሰፈራችሁ ነፍሰ ጡር እናት ብትኖር፣ ዓረብኛ የምትችሉ ተማሪዎች በምን ልትረዷት ትችላላችሁ?