የስንዴ ሕዋስና የዋግ በሽታ
የዕፅዋትና የእንስሳት ሕዋስ አሠራር፤ ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በሁሩታ ዙሪያ ከገበሬዎች ጋር ስንወያይ ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የዋግ መድኃኒት ከረጨን በኋላ ቢጫ የሆነው ቅጠል ስለ ምን መልሶ አልለመለመም?» የሚል ነው። ገንዘብና ድካም የወጣበት ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ትክክለኛውን መልስ ለመስጠት ግን ሕዋስ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

1. ስንዴና በሬ የሚመሳሰሉበት

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከሕዋሳት የተሠራ ነው። አብዛኞቹ ሕዋሳት በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ የሚታዩት በማይክሮስኮፕ ነው። በስንዴ ቅጠልም ሆነ በበሬ ሥጋ ውስጥ የሚከተሉት ክፍሎች ይገኛሉ።

ሀ) ስስ ሽፋን፦ ሕዋሱን ከብቦ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠራል።
ለ) ኑክሊየስ፦ ከወላጅ የተወረሰውን የዘር መመሪያ ይዞ የሕዋሱን ሥራ ይመራል።
ሐ) ሳይቶፕላዝም፦ በሽፋኑና በኑክሊየሱ መካከል ያለው ዝልግልግ ክፍል ሲሆን ብዙው ሥራ የሚካሄደው በዚሁ ውስጥ ነው።
መ) ማይቶኮንድሪያ፦ ምግብን በኦክሲጅን አማካይነት ወደ ጉልበት ይለውጣል። የሚያርስ በሬ ጡንቻ ብዙ ማይቶኮንድሪያ አለው።

2. የሚለያዩበት

የስንዴ ሕዋስ ከሽፋኑ ውጭ ጠንካራ ግድግዳ አለው፤ የበሬ ሕዋስ የለውም። በሬን አጥንቱ ያቆመዋል። ስንዴ ግን የሚቆመው በሕዋሳቱ ግድግዳና በውስጣቸው ባለው የውሃ ግፊት ነው። ይህ ውሃ የሚጠራቀመው ቫኪዩል በሚባል ሰፊ ከረጢት ውስጥ ሲሆን፣ ውሃው ሲጎድል ተክሉ ይጠወልጋል።

ሁለተኛው ልዩነት ክሎሮፕላስት ነው። ይህ በአረንጓዴ የተክል ክፍሎች ብቻ የሚገኝ ሲሆን በፀሐይ ብርሃን አማካይነት ከአየርና ከውሃ ስኳር ይሠራል። በሬ ምግቡን ከውጭ ይበላል፤ ስንዴ ግን ራሱ ያዘጋጃል። በፍሬ ውስጥ የሚጠራቀመው ምግብ አብዛኛው ከዚሁ የሚገኝ ነው።

ይህን ለገበሬዎች በቀላሉ ለማሳየት አንድ ድንች በስሱ ቆራርጦ ግማሹን በንጹሕ ውሃ፣ ግማሹን ብዙ ጨው በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍ ይቻላል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ በጨው ውሃ ያለው ይልፈሰፈሳል፤ በንጹሕ ውሃ ያለው እንደ ጠነከረ ይቆያል። ጨው ከሕዋሳቱ ውሃ ስለ ሳበ ነው።

3. ዋግ ሕዋሱን እንዴት እንደሚያጠቃ

ዋግ ፈንገስ ነው። ዱቄት የሚመስሉት ዘሮቹ በነፋስ ይመጣሉ፤ ጤዛ ወይም ዝናብ ባራሰው ቅጠል ላይ ይበቅሉና በቅጠሉ የመተንፈሻ ቀዳዳ ይገባሉ። ከዚያም ፈንገሱ የሕዋሱን ግድግዳ ይበሳል፤ ስሱን ሽፋን ግን ሳይቀድ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ እንደ ሥር ባለ አካል ምግብ ይመጥጣል። ዋግ የሚመገበው ከሕያው ሕዋስ ስለሆነ ሕዋሱን ወዲያው አይገድልም።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዓይን የሚታይ ምልክት የለም። ቢጫ ዋግ አየሩ ሲስማማው ከገባ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በቅጠሉ ላይ በተርታ የተሰለፈ ቢጫ ዱቄት ያወጣል። የግንድ ዋግ ደግሞ ሞቅ ያለ አየር ይስማማዋል፤ ዱቄቱ ቀላ ያለ ሲሆን በአገዳው ላይ ይበረታል።

4. አንዳንዱ ዝርያ ስለ ምን ይቋቋማል?

የሚቋቋም ዝርያ ሕዋስ ፈንገሱ ሲገባበት ያውቀዋል፤ አውቆም ራሱን ይገድላል። ሕያው ሕዋስ ያጣው ፈንገስ በረሃብ ይሞታል፤ በቅጠሉ ላይ ትንሽ ነጠብጣብ ብቻ ይቀራል። ሆኖም ፈንገሱም ይለወጣል። አዲስ የዋግ ዘር ሲመጣ ሕዋሱ ሊያውቀው አይችልም።

ይህ በአካባቢያችን ደርሷል። በ2010 እ.ኤ.አ. የመኸር ወቅት ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን ዝርያዎች በአርሲና በሌሎች ስንዴ አብቃይ አካባቢዎች ክፉኛ ጎዳ። ከዚያ በኋላ ዲገሉ በብዛት ተዘራ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ እርሱን የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ መታው። በእነዚህ ዓመታት ማሳውን ሁሉ በተጠቃው ዝርያ ብቻ የሸፈነ ገበሬ ለከፋ ጉዳት የተጋለጠ ነበር።

5. መድኃኒቱ የሚሠራውና የማይሠራው

እንደ ፕሮፒኮናዞልና ቴቡኮናዞል ያሉ መድኃኒቶች ፈንገሱ ለሕዋስ ሽፋኑ የሚያስፈልገውን ኤርጎስቴሮል እንዳይሠራ ይከለክሉታል። የስንዴ ሕዋስ ሽፋን ይህን ስለማይጠቀም ፈንገሱ ሲጎዳ ስንዴው ይተርፋል። ይህ ማለት ግን መድኃኒቱ ሰውን አይጎዳም ማለት አይደለም። በሚረጭበት ጊዜ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ግዴታ ነው።

እንግዲህ የገበሬው ጥያቄ መልስ ይህ ነው። መድኃኒቱ ፈንገሱን ያቆማል እንጂ የሞተ ሕዋስን አያስነሣም። የሚያድነው ገና አረንጓዴ የሆነውን ቅጠል ነው።

6. ምን እናድርግ?

ሀ) ከቡቃያ ጀምሮ ማሳውን ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየዞሩ መመልከት፤ የታችኛውንም ቅጠል ገልጦ ማየት።
ለ) ምልክቱ እንደ ታየ፣ ከሁሉ በላይ ያለው ቅጠል ሳይያዝ መርጨት፤ ፍሬ እንዲሞላ ይበልጥ የሚረዳው ይህ ቅጠል ነው።
ሐ) መጠኑንና ከመርጨት እስከ አጨዳ የሚጠበቀውን ቀን በዕቃው ላይ እንደ ተጻፈው መጠበቅ።
መ) ማኅበራት ምርጥ ዘር ሲገዙ ሁለት ሦስት ዝርያ መርጠው ለአባላት ማከፋፈል፤ መድኃኒቱንና መርጫውን ከወቅቱ በፊት ማዘጋጀት።
ሠ) ይቋቋማል የተባለ ዝርያ ተይዞ ከተገኘ፣ የልማት ሠራተኛው ሳይውል ሳያድር ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ማስታወቅ።

ማሳው ከሩቅ ቢጫ ሆኖ ሲታይ ብዙ ሕዋሳት ሞተዋል። ስለዚህ ማሳውን ከመንገድ ሆነን ሳይሆን ውስጡ ገብተን እንመልከት።