ትልቅ አረር የሚተኩስ ባለ ሊቨር የአደን ጠመንጃ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

45-70 የሚባለውን ጥይት የአሜሪካ ጦር የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። አባቶቻችን ዓድዋ ላይ ከያዙት ውጅግራ ጋር የአንድ ዘመን ልጅ ነው፤ የውጅግራው አረር 11 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የዚህኛው 11.6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ጦሩ ከተወው ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም አዳኞች አልተዉትም። ዛሬ በአሜሪካ የጠመንጃ ሱቅ ገብተው ትልቅ አረር የሚተኩስ ባለ ሊቨር፣ ማለትም ከምላጩ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍተው ወደ ላይ በመመለስ የሚያቀባብሉት ጠመንጃ ቢጠይቁ፣ በአብዛኛው የሚወጣልዎ ለዚህ ጥይት የተሠራው ነው። መልኩ ያምራል፤ ለመያዝም ይመቻል። ገዥው ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ መልክ ነው። እኔ ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጡት እመክራለሁ፦ መጀመሪያ የሚያድኑትን እንስሳና ቦታውን፣ ቀጥሎ ጥይቱን፣ ጠመንጃውን በመጨረሻ ይምረጡ።

ምን ሊያድኑ ነው?

ይህ ጠመንጃ በብዛት የሚወደሰው በአላስካ ድብና በደቡብ ግዛቶች የዱር አሳማ ነው። ከእኛ ብዙው ሰው ግን፣ ኦርቶዶክስም ይሁን ሙስሊም ወይም ቤተ እስራኤል፣ ሁለቱንም አይበላም። ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ለሚፈልግ ቤት የሚቀሩት አጋዘን፣ ኤልክ፣ ሙስና የአሜሪካ ጎሽ ናቸው። ዓላማዎ አጋዘን ብቻ ከሆነ 45-70 አያስፈልግዎትም። እ.ኤ.አ. በ1895 የወጣው 30-30 በባለ ሊቨር ጠመንጃ ስንት ትውልድ አጋዘን ሲጥል የኖረ ጥይት ነው፤ አረሩ 11 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፣ ትከሻንም አይጎዳም። ትልቁ አረር ዋጋው የሚታወቀው ለኤልክና ለሙስ፣ እንዲሁም ድብ በሚዘዋወርበት ጫካ ራስን ለመጠበቅ ነው።

ስለ ሥጋውም ከወዲሁ ያስቡ። አንድ ኤልክ አጥንቱ ወጥቶ ብዙ አሥር ኪሎ ሥጋ ይሰጣል። በብዙ ግዛቶች የአጋዘን አደን ወቅት በኅዳር ይውላል፤ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ስለዚህ ሥጋው እስከ ገና የሚከርምበት ማቀዝቀዣ ከጠመንጃው ጋር አብሮ የሚታሰብ ወጪ ነው።

የሚያድኑበት ግዛት ይፈቅደዋል?

ሰው የማይጠይቀው ይህንን ነው። ኦሃዮና አይዋ ውስጥ አጋዘን በጠመንጃ ለማደን ቀለሁ ወደ አፉ የማይጠብ፣ ቀጥ ያለ ጥይት ይፈለጋል። 45-70 እንዲህ ያለ ጥይት በመሆኑ በእነዚህ ግዛቶች ተፈላጊነቱ ጨምሯል። ሚቺጋን ግን ለደቡባዊ ክፍሏ ባወጣችው ደንብ ቀጥ ያለ ቀለህ ፈቅዳ ርዝመቱን በ1.80 ኢንች ወሰነችው፤ የ45-70 ቀለህ 2.105 ኢንች ነው። ስለዚህ ድንበር ተሻግሮ ለሚያድን ሰው፣ ኦሃዮ ውስጥ ሕጋዊ የሆነው ጠመንጃ እዚያ ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል። ደንቦቹ ይለወጣሉና የዘንድሮውን የአደን መመሪያ ሳያነቡ ገንዘብ አይክፈሉ።

ከምን ያህል ርቀት ይተኩሳሉ?

ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ከ50 እስከ 80 ሜትር ላይ ከሆነ ይህን ጥይት የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ሜዳ ላይ ግን ይቸገራሉ። 26 ግራም የሚመዝነው የተለመደው ባለ 405 ግሬን አረር ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ 400 ሜትር ገደማ ነው። በ100 ያርድ ኢላማውን እንዲመታ ቢያስተካክሉት፣ በ200 ያርድ ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል። ቀለል ያለና ፈጣን አረር ይህን ውድቀት በግማሽ ያህል ሊቀንሰው ይችላል፤ ሆኖም በኮሎራዶ ገላጣ ሸለቆ ከ300 ሜትር ማዶ የቆመ ኤልክ ለማደን ላሰበ ሰው ባለ ሊቨሩን ትቶ 30-06 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ እንዲይዝ እመክራለሁ። እንስሳን አቁስሎ ማጣት ለአዳኝ ትልቅ በደል ነው።

የጥይቱን ሣጥን ማንበብ

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ፤ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነውና። 45-70 ተብሎ በአንድ ስም የሚሸጠው ጥይት በኃይሉ ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው ለ1873ቱ ስፕሪንግፊልድ እና ለመሰል አሮጌ ጠመንጃዎች የሚስማማ ለስላሳ ነው። ሁለተኛው እንደ ማርሊን 1895 ላሉ ዘመናዊ ባለ ሊቨሮች የተዘጋጀ ጠንካራ፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደ ሩገር ቁጥር 1 ላሉ በጣም ብርቱ ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃዎች ብቻ የሚሆን ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቀለህ ስላላቸው ሁሉም ጠመንጃ ውስጥ ይገባሉ። ጠንካራው አሮጌው ውስጥ ቢተኮስ ግን ጠመንጃው ፊትዎ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ለአሮጌዎቹ ሲሉ ብዙ ጊዜ ለስላሳውን ይሠራሉ። ሣጥኑ ላይ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ካለ እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ እንግሊዝኛው ከከበደዎት ልጅዎ ያንብብልዎ።

ሁለተኛው አደጋ የአረሩ ጫፍ ነው። የአብዛኞቹ ባለ ሊቨር ጠመንጃዎች ካዝና ከአፈሙዙ ሥር የተዘረጋ ቱቦ ነው። ጥይቶቹ በሰልፍ ይተኛሉ፤ የኋለኛው ጫፍ የፊተኛውን መለኮሻ ይነካል። ጠመንጃው ሲራገጥ ሹልና ጠንካራ ጫፍ መለኮሻውን መትቶ ካዝናው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነውን፣ ወይም ሆርናዲ ለዚሁ ብሎ እንደሠራው ሌቨሬቮሉሽን ያለ ለስላሳ የፕላስቲክ ጫፍ ያለውን ብቻ ይግዙ።

444 ማርሊን እና 450 ማርሊን የሚባሉም አሉ። ጥሩ ጥይቶች ናቸው፤ ነገር ግን በትንሽ ከተማ ሱቅ ላያገኟቸው ይችላሉ። ለመጀመሪያ ገዥ አልመርጣቸውም።

ትከሻዎ ይችለዋል?

የ45-70 ርግጫ ከ30-30 በእጥፍ ይበልጣል፤ ጠንካራው ጥይት ሲሆን ከዚያም ያልፋል። ርግጫውን የፈራ ሰው ምላጩን ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጥይቱም ከኢላማው ይርቃል። ጠመንጃ የሚያከራይ የተኩስ ሜዳ ፈልገው ቢያንስ አንድ ሣጥን ይተኩሱ። የሰደፉን ርዝመትም ወፍራም የክረምት ጃኬት ለብሰው ይሞክሩ፤ በቀጭን ሸሚዝ የተመቸ ሰደፍ በጃኬት ይረዝማል።

የትኛውን?

ማርሊን 1895 ቀለሁን ወደ ጎን ስለሚጥል ቴሌስኮፕ ለመግጠም ይመቻል። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ዊንቸስተር 1886 ግን ወደ ላይ ነው የሚጥለው፤ ውብ ቢሆንም ዓይኑ ለደከመ ሰው አይሆንም። ያገለገለ ማርሊን የሚገዙ ከሆነ ዘመኑን ይጠይቁ፦ ድርጅቱን ረሚንግተን እ.ኤ.አ. በ2007 ገዛው፣ ከዚያ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት ላይ ብዙ ቅሬታ ተነሥቷል፤ በ2020 ሩገር ከገዛው ወዲህ ስሙ ታድሷል። ሄንሪ በአሠራሩ ጥራት አይታማም። ካዝናው ከፊት በኩል ስለሚከፈት የቀሩትን ጥይቶች በቱቦው ማውጣት ይቻላል። በጎን ብቻ የሚጎርሰው ግን ሲራገፍ እያንዳንዱን ጥይት እያቀባበሉ ማውጣትን ይጠይቃል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ወረቀቱ

የግሪን ካርድ ባለቤት ጠመንጃ መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በፌዴራል ሕግ በመሠረቱ አይፈቀድለትም፤ ሕጉ ካስቀመጣቸው ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ በአሜሪካ ግዛት የተሰጠ የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ጉዳይዎ ገና ካልተቋጨ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ ወደ ሱቅ አይሂዱ። መግዛት ለማይችል ወንድም ወይም ዘመድ በራስ ስም ገዝቶ መስጠት ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ በእኛ ዘንድ የመረዳዳት ልማድ ስላለ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ብዙ ግዛቶች የአዳኝነት ትምህርት የምስክር ወረቀትም ይጠይቃሉ። ኮሎራዶ ከጥር 1 ቀን 1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወለደ ሁሉ እንዲይዘው ታዛለች።

በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ ጠመንጃው ጥይት ሳይጎርስ፣ በተቆለፈ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ሆኖ፣ ሻንጣ ሲያስረክቡ መመዝገብ አለበት። አየር መንገዶች የሚፈቅዱት ጥይት በአብዛኛው ለአንድ ሰው 5 ኪሎ ነው። የ45-70 ጥይት ከባድ ስለሆነ ከመነሣትዎ በፊት ይመዝኑት።